በሞተር የሚሄድ ለቅሶ

ሰብለ፦ ዛሬ የማልወደውን ነገር ነው የምናወራው። ሞተር ሳይክል።

ሄኖክ፦ ገና ከበር ላይ?

ሰብለ፦ ምን ላድርግ፣ ነርስ ነኝ። ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ሞተር ሲያይ ልቡ ድንግጥ ነው የሚለው። አንተ ግን ዓምና ግንቦት ከካሊፎርኒያ እስከ ዋሽንግተን በሞተር መጣህ። ለዚያውም ከማታውቃቸው ሽማግሌዎች ጋር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስልክ ታነሳለህ፣ ትስቃለህ፣ እዚህም በሰዓቱ ትመጣለህ። ምን አግኝተህ ነው?

ሄኖክ፦ እንቅልፍ። ሌላው ሁሉ ከሱ የመጣ ነው።

ሰብለ፦ እሺ፣ ከሥሩ ጀምርልን። ያባትህን ነገር ለማያውቁ አድማጮች።

ሄኖክ፦ አባቴ ወታደር ነበር። በደርግ ጊዜ ሰሜን ግንባር ብዙ ዓመት ቆይቷል። በ1983 ጦሩ ሲበተን ከአስመራ ተነስቶ ሱዳን ገባ። በእግሩ። እንደሱ የገባው ሰው ብዛት የትየለሌ ነው። ሌላው ደግሞ መለዮውን ጥሎ፣ እየለመነ አገሩ የገባ አለ። አባቴ ከሱዳን ወደዚህ መጣ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ታክሲ ነዳ። ስለ ጦርነቱ አንድ ቀን አላወራም። እኔም አልጠየቅኩትም። ዓምና ጥቅምት ላይ አረፈ።

ሰብለ፦ ነፍስ ይማር።

ሄኖክ፦ አሜን። እስከ አርባው ድረስ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ከአርባው በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ። ያኔ ነው እንቅልፍ እምቢ ያለኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ ቁጭ። "ለምን አልጠየቅኩትም?" ይሄው ብቻ ነው፣ እየዞረ።

ሰብለ፦ ሐኪም ጋ ሄደህ ነበር አይደል?

ሄኖክ፦ ሄጃለሁ። ጥሩ ሴት ናት፣ አሁንም እሄዳለሁ። ግን የሆዴን በእንግሊዝኛ ማውጣት አቃተኝ። "ምን ይሰማሃል?" ስትለኝ ትክክለኛውን ቃል ስፈልግ ሰዓቱ ያልቃል።

ሰብለ፦ እና ሞተሩ? ያኔም ነበረህ?

ሄኖክ፦ ከአራት ዓመት በፊት ለሥራ መመላለሻ ብዬ የገዛሁት ነው። እናቴ ስሙን አትጠራውም። "ያ ጎማ ያለው ሬሳ ሳጥን" ነው የምትለው።

ሰብለ፦ እኔና እትዬ ተስማምተናል።

ሄኖክ፦ አውቃለሁ። እና እኔ ድሮ አርሊንግተን አንድ ሆቴል ውስጥ መኪና አቆም ነበር። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሜይ መጨረሻ ላይ፣ የሙታን ወታደሮች መታሰቢያ በዓላቸው ሲደርስ፣ ሰፈሩ በሞተር ይጥለቀለቃል። ድምፁ መስኮት ያንቀጠቅጣል። ቆዳ ጃኬት፣ ነጭ ጢም፣ ባንዲራ። እውነቱን ለመናገር ያስጠሉኝ ነበር። አንድ ዓመት አንዱን "ከየት ነው የምትመጡት?" አልኩት። "ከካሊፎርኒያ" አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር።

ሰብለ፦ ረን ፎር ዘ ዎል የሚሉት ማለት ነው።

ሄኖክ፦ እሱ ነው። ወደ ግንቡ የሚደረግ ጉዞ። በፈረንጆቹ 1989 ጄምስ ግሪጎሪ እና ቢል ኢቫንስ የሚባሉ የቬትናም ዘማቾች ናቸው የጀመሩት። ኦንታሪዮ ከምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ተነስቶ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ ዋሽንግተን የቬትናም መታሰቢያ ግንብ ጋ ያበቃል። አሥር ቀን፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ። መንገዱ ከአንድ በላይ ነው፤ እኔ መካከለኛው በሚሉት መጣሁ። ዓላማቸው ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የዘማቾችና የቤተሰቦቻቸው መዳን ነው። ወታደር መሆን ግዴታ አይደለም። ይቺን ሳነብ ነው የቆረጥኩት። ቤተሰብ ይላል፣ እኔ ደግሞ የወታደር ልጅ ነኝ።

ሰብለ፦ የሌላ አገር ወታደር ልጅ።

ሄኖክ፦ እሱን እኔም ፈርቼ ነበር። የምዝገባ ጠረጴዛው ጋ የነበረውን ሰው ጠየቅኩት። "አባቴ ወታደር ነበር፣ ግን የእናንተ ጦርነት አይደለም" አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። "ልብስህ ስንት ቁጥር ነው?" አለኝ፣ ቲሸርት ሊሰጠኝ።

ሰብለ፦ ቆይ፣ እዚህ ቨርጂኒያ አይደለህ እንዴ የምትኖረው? ካሊፎርኒያ እንዴት ደረስክ?

ሄኖክ፦ በሞተሬ። ስድስት ቀን ብቻዬን ነድቼ። ይሄን ሰው አይጠይቀኝም እንጂ ትልቁ ትምህርት እሱ ነበር። ሰው "ለብቻህ መንገድ ውጣ፣ ጭንቅላትህ ይጸዳል" ይልሻል። ውሸት ነው። የኔ ጭንቅላት ሄልሜት ውስጥ ጭራሽ አፍ አወጣ። ኦክላሆማ ላይ ጮክ ብዬ ካባቴ ጋር ስጣላ ራሴን ያዝኩት።

ሰብለ፦ ስለ ምን?

ሄኖክ፦ ስለ አንድ የስኳር መድኃኒት። ተዪው።

ሰብለ፦ እሺ። ስትመለስስ?

ሄኖክ፦ ያው መንገድ ነው፣ ግን ሌላ ነገር። በመቶዎች የሚቆጠር ሞተር አንድ ላይ ይነሳል። በቡድን በቡድን ይከፈላል፤ ፕላቶን ይሉታል። በኛ ጦር "መቶ" የሚባለው።

ሰብለ፦ እህ! የመቶ አለቃ!

ሄኖክ፦ አዎ፣ አለቃም አለው። ሁለት ሁለት ሆነሽ ጎን ለጎን ነው የምትነጂው። ሌላ ቦታ ሞተረኛ ሲሰለፍ አንዱ ቀደም፣ አንዱ ኋላ ይላል፤ ማምለጫ እንዲኖረው። እዚህ ግን ትከሻ ለትከሻ ነው። ስለዚህ አጠገብሽ ያለውን ሰው እንደ ራስሽ ማወቅ አለብሽ። ጠዋት ጠዋት ስብሰባ አለ። መንገዱ ይነገራል፣ ምልክቱ ይነገራል፣ የጦር ቄሱ ይጸልያል። መንገድ ላይ ጉድጓድ ወይ የፈነዳ ጎማ ካለ ከፊት ያለው በእጁ ወይ በእግሩ ያሳያል፤ ከኋላ ያለው ያንኑ ደግሞ ለቀጣዩ ያሳልፋል። ምልክቱ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ሲሄድ ታያለሽ።

ሰብለ፦ ነዳጅስ? ያን ሁሉ ሞተር መቅዳት ግማሽ ቀን አይወስድም?

ሄኖክ፦ ስለሱ ብታዪ ነው የምትደነቂው! በጎ ፈቃደኞች ቀድመው ማደያው ጋ ይደርሳሉ። ሁለት መስመር ሆነሽ ትገቢያለሽ። ማፍሰሻውን ወደ ቦታው አትመልሽም፤ ቀድተሽ ለሚቀጥለው ትሰጪያለሽ። እዚህ ሰፈር ማደያ አንድ ሰው ሎተሪ እየፋቀ አሥር ደቂቃ ያስቆመናል፣ እነሱ ሙሉ ቡድን ቀድተው ይወጣሉ።

ሰብለ፦ አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅህ። ጥቁር ነህ፣ ስደተኛ ነህ። ባንዲራ የሰቀለ፣ ጢሙን ያንዠረገገ ነጭ ሞተረኛ መሀል ስትገባ አልፈራህም?

ሄኖክ፦ ፈርቻለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ራቅ ብዬ ብቻዬን ነው የበላሁት። የማልወደውን የፖለቲካ ጽሑፍ የለጠፈ ሞተር አይቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን አንድም ሰው ክፉ አልተናገረኝም። ሁለተኛው ቀን ላይ ደግሞ ወደቅኩ።

ሰብለ፦ ምን?!

ሄኖክ፦ ቆሜ። እየነዳሁ ቢሆን እንኳ ክብር ነበረው። ማቆሚያ ቦታ ላይ እግሬ ጠጠር ረግጦ ተንሸራተተ፣ ሞተሩ በጎኑ ተኛ። ያ ሁሉ ሰው እያየ። ልነሳ ስታገል አንድ ሽማግሌ መጣ። "እንደሱ አይደለም፣ ወገብህን ትጎዳለህ" አለኝ። ጀርባህን ለሞተሩ ስጥ፣ ቂጥህን መቀመጫው ላይ አስደግፍ፣ መሪውን ያዝ፣ በእግርህ እየገፋህ ተነስ። ተነሳ! ሰውየው ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። በማግስቱ አለቃችን ጥንድ ሲያደርገን እሱን ሰጠኝ።

ሰብለ፦ ስሙ ማን ነው?

ሄኖክ፦ "ሬዲዮ ላይ እንዳታወጣኝ" ብሎኛል። ፖድካስት ሬዲዮ አይደለም ብለው አልገባውም። "ጋሼ" ነው የምለው። ትርጉሙን ነግሬዋለሁ፣ ወዶታል። ከኦሃዮ ነው።

ሰብለ፦ እና ከጋሼ ጋር ምን ታወሩ ነበር?

ሄኖክ፦ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። አናወራም። የጆሮ ስልክ አልነበረንም። ሞተር ላይ ነሽ፣ ነፋስ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ሰው ክንድ በሚያህል ርቀት አጠገብሽ አለ፣ ቃል ግን የለም። ሲደክመው በትከሻው አውቃለሁ። እሱም እኔ ፍሬን ላይ ችኩል እንደሆንኩ አወቀ፣ ቀስ በል እያለ በእጁ ያሳየኛል። ነዳጅ ጋ ስንቆም አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር። "ልጆች አሉህ?" አይነት። መልሴን ሳልጨርስ ሞተር ይነሳል። ከዚያ ሁለት ሰዓት ስለመለስኩት ነገር አስባለሁ። ሰብልዬ፣ ይሄ ነገር ምን እንደሆነ ካንሳስ ሜዳ ላይ ነው ድንገት የገባኝ። ለቅሶ ነው።

ሰብለ፦ ለቅሶ?

ሄኖክ፦ ለቅሶ ደርሰሽ ታውቂያለሽ። ገብተሽ "እግዜር ያጽናችሁ" ትያለሽ፣ ትቀመጫለሽ። ማንም "ምን ይሰማሻል?" አይልሽም። ጎን ለጎን ተቀምጠሽ ንፍሮ ትዘግኛለሽ። አንዱ ስለ ዝናብ ያወራል። አንዱ ስለ ቤት ኪራይ። ሐዘንተኛው ሲፈልግ አንድ ነገር ይናገራል፣ ሲፈልግ ዝም ይላል። እኛ ፈረንጅ ለቅሶ አያውቅም ብለን እናማቸው የለ? ይሄው በሞተር የሚሄድ ለቅሶ። አሥር ቀን ሙሉ።

ሰብለ፦ ቆይ፣ ይሄን ነገር ላስብበት። ለቅሶ ላይ ሟቹ ይታወቃል። እነዚህ ግን ጦርነታቸው ካበቃ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል።

ሄኖክ፦ አልለቀሱም ነበራ! ሲመለሱ ማን ተቀበላቸው? አንዳንዱ ዩኒፎርሙን ኤርፖርት መጸዳጃ ቤት ውስጥ አውልቆ ነው ቤቱ የገባው። ለዚህ ነው እነሱ ሲገናኙ "ሰላም ነው?" የማይባባሉት። "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ነው የሚሉት፣ አቅፈው። እኔ ይሄን ስሰማ የማስበው 1983ን ነው። አባቴን ማን እንዲያ አለው?

ሰብለ፦ ይሄን ከሙያዬ ጋር ላያይዘው። ሐኪሞች ለዚህ ከጦርነት በኋላ ለሚመጣ ስቃይ፣ ቅዠቱ፣ መበርገጉ፣ ዝምታው፣ አሁን ያለውን ስም ሰጥተው መዝገባቸው ውስጥ ያስገቡት በፈረንጆቹ 1980 ነው። የቬትናሙ ጦርነት ያበቃው በ1975። እነዚህ ሰዎች ዓመታት ሙሉ የታመሙት በሽታ ስም አልነበረውም። ያባትህ ትውልድ ደግሞ ስሙ ከወጣለት በኋላም የነገረው የለም። "ጭልጥ አለ"፣ "ጠጪ ሆነ"፣ "ኩርፍተኛ ነው" ነው የሚባለው።

ሄኖክ፦ አባቴ ርችት ሲተኮስ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃ ይከፍት ነበር። በየዓመቱ፣ የነፃነት በዓላቸው ቀን። እኔ ደግሞ ገላውን የሚታጠብ ነበር የሚመስለኝ።

ሰብለ፦ ...

ሄኖክ፦ ይሄን መጀመሪያ የነገርኩት ለጋሼ ነው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ኤንጀል ፋየር የሚባል ቦታ አለ። ተራራ ላይ ነው፣ ሜይ ላይም ይበርዳል። ቪክቶር ዌስትፎል የሚባል አባት ልጁ ዴቪድ በፈረንጆቹ 1968 ቬትናም ሲሞት፣ ኮረብታ ላይ ጸሎት ቤት ሠራ። የተመረቀው በ1971 ነው፣ ዋሽንግተኑ ከመሠራቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ። እዚያ ነጭ ግድግዳ ሥር ተቀምጠን ነበር። አባት ለልጁ የሠራው ነው። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ላባቴ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩትም። ያኔ የርችቱን ነገርኩት። ጋሼ ምንም አላለም። ትንሽ ቆይቶ "እኔ ምድር ቤት ነው የምገባው" አለ። በቃ። ተነስተን ሄድን።

ሰብለ፦ ያን ቀን ተኛህ?

ሄኖክ፦ እንደ ሬሳ። ጋሼ ያንኮራፋል፣ ለዚያውም።

ሰብለ፦ እኔን የገረመኝ ደግሞ ያቺ የነገርከኝ ባዶ ቦታ ናት።

ሄኖክ፦ አዎ። ሰልፉ ፊት ላይ አንዱ ሞተረኛ ጥንድ የለውም። ጎኑ ያለው ቦታ ሆን ተብሎ ክፍት ይተዋል። ላልተመለሰው ሰው ነው። የሞተ፣ የጠፋ። መንገዱን ሙሉ ማንም አይገባበትም። አባቴ ሲሞት እናቴ ወንበሩን ለአንድ ወር ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቀደችም ነበር። ያቺው ነገር ናት፣ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየሄደች።

ሰብለ፦ ስለ ልጆቹስ? ሬኔል።

ሄኖክ፦ ሬኔል ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ናት። የእንጨት ፋብሪካ ያቆማት ትንሽ ከተማ፣ ፋብሪካው ሲቀር ድሃ የሆነች። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ ዓባይ በረሃን ያስታውስሻል፣ አረንጓዴ ሲሆን። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሞተረኞቹ እዚያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይቆማሉ። ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዋጣሉ። ልጆቹ ደግሞ ደብተር ይዘው እየዞሩ ፊርማ ይሰበስባሉ፣ እንደ ኳስ ተጫዋች። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እኔ ጋ መጣች። "እኔ ወታደር አይደለሁም" አልኳት። "ገጹ ባዶ ነው" አለችኝ።

ሰብለ፦ ፈረምክ?

ሄኖክ፦ ያባቴን ስም ጻፍኩላት። በአማርኛ። አየችው፣ አዟዟረችው። "ቆንጆ ስዕል ነው" ብላ ወደሚቀጥለው ሮጠች።

ሰብለ፦ ወይ ልጅ! እኔ እዚህ ማልቀስ የለብኝም፣ ማይክ ላይ ነኝ። ግንቡ ጋ ውሰደን።

ሄኖክ፦ ግንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እዚሁ ነው። እኔ ለሃያ ዓመት ከሊንከን ሐውልት አጠገብ እንግዳ እያስጎበኘሁ አልፌዋለሁ። ጥቁር ድንጋይ፣ ከ58,000 በላይ ስም። ማያ ሊን ስትነድፈው የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች። ያላየሁት ነገር ግን ነበር። ስሞቹ በፊደል ተራ አይደሉም፣ በሞቱበት ቀን ነው። አንድ ቀን አብረው የሞቱ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ጋሼ ማውጫ አላየም። በቀጥታ ሄዶ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። ሦስት ስም፣ ተከታታይ። ድንጋዩ ስለሚያበራ ፊቱ ስሞቹ ላይ ይታያል። ብዙ ቆመ። እኔ ያው ጎኑ ቆምኩ፣ ሥራዬ እሱ አይደል። ከዚያ "ራበኝ" አለ።

ሰብለ፦ ያባትህን ፎቶ እዚያ ልታስቀምጥ ነበር አይደል?

ሄኖክ፦ ይዤው ነበር። ሰው ግንቡ ሥር ብዙ ነገር ያስቀምጣል፣ ደብዳቤ፣ ጫማ፣ ሜዳሊያ። የፓርኩ ሠራተኞች ይሰበስቡና መጋዘን ያስገቡታል። እሱን ሳስብ እጄ እምቢ አለ። አባቴን ደግሞ መጋዘን? መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ይልቅ ጋሼን ውሃውን አዙሬ የኮሪያ መታሰቢያ ጋ ወሰድኩት። መንገዱ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ የዘመቱት አገሮች ስም ተቀርጿል። ኢትዮጵያ አለች። ኮሪያ ስለዘመተው ስለ ቃኘው ሻለቃ ነገርኩት። 121 ሰው እንደሞተ፣ አንድም እንዳልተማረከ። አላመነኝም። ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። ከዚያ ያንን ድንጋይ ሰላምታ ሰጠው፣ ወታደራዊ። እኔ ነኝ ያፈርኩት፣ ሰው እያየን ነበር።

ሰብለ፦ እንግዲህ እንደ ነርስ አንድ ነገር ልበል። አድማጮች፣ ይሄን ሰምታችሁ ሐኪም ትታችሁ ሞተር እንዳትገዙ።

ሄኖክ፦ ትክክል ነሽ። እኔም ክኒኔን አልተውኩም። ሽማግሌዎቹም አብዛኞቹ ሐኪም አላቸው። በዚያ ላይ እዚያ ሄዶ ምንም ያልተሻለው ሰው አይቻለሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጥሎ የተመለሰ አለ። ሰው አልተቆጣውም፣ "ለከርሞ" አሉት።

ሰብለ፦ ከጋሼ ጋር አሁንስ ትገናኛላችሁ?

ሄኖክ፦ እሁድ እሁድ ይደውላል። አሁንም ብዙ አናወራም። "ዘይት ቀየርክ?" "ቀየርኩ።" ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ቻው። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ያባቴ ሙት ዓመት ነበር። እንዲያው ቀኑን ነገርኩት፣ አልጠራሁትም። ከኦሃዮ በሞተሩ መጣ።

ሰብለ፦ ድንኳኑ ውስጥ አይቼዋለሁ! ከጋሽ ተፈራዎቹ ጋር ተቀምጦ ንፍሮ ሲዘግን። በእንግሊዝኛ የሚያወራው አንድም ሰው አልነበረም።

ሄኖክ፦ አልፈለገማ። አራት ሰዓት ተቀመጠ። እናቴ ዶሮውን ሁለቴ ጨመረችለት፣ ዕንቁላሉን ሳይቀር። ከሰዓት ዝናብ መጣ። በመስኮት ሳይ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ግቢው ውስጥ ትሮጣለች። የእንጀራ ምጣዱን የምትሸፍንበትን ፕላስቲክ ይዛ የጋሼን ሞተር እያለበሰች ነው። ዳሩን በድንጋይ ሁሉ አስያዘችው።

ሰብለ፦ የአንተንስ?

ሄኖክ፦ አጠገቡ ነበር የቆመው። አላየችውም።